በአዳራሹ የተጨበጨበልኝ ቃል

ማንጤ፣ የልጆቼ እናት፣

ይህን የሚጽፈው እጅ የእኔ አይደለም። የእኔ እጅ ሞፈርና ልጓም እንጂ ብዕር ይዞ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። ብዕሩን የያዙት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ «ይበሉ አያ እሸቴ፣ ይናገሩ» ይሉኛል። ገና ሳንጀምር ተጨቃጭቀናል። እሳቸው በግዕዝ ሰላምታ ከፍተን፣ ነፍስሽን በአብርሃም በይስሐቅ አመስግነን እንግባ አሉ። እኔ ደግሞ «ማንጤ በቁሟ ያልሰማችውን ቋንቋ ሞታ ማን አስተማራት? እኔ እንዳልሁት ይጻፉት» አልኋቸው። ሳቁና ጻፉ። ኋላ ግን ሳቃቸውን ይተዋሉ፤ እሳቸውም ያሉበት ነገር ነው የምነግርሽ።

ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ተዝካርሽን በወጉ አውጥቻለሁ፤ ሁለት በሬ ጥዬ፣ ካህኑም ድሃውም ጠግቦ ነው የሄደ። መቃብርሽ ላይ ድንጋይ አስጠርቤ አቁሜያለሁ። በዚያ ማንም አያማኝም። ይህን የምልሽ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ሰው ለሞተበት ሰው ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጌ የጨረስሁ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ እሄድ እንደነበር እንድታውቂው ነው።

የቤቱን ልንገርሽ። ዳማይቱ በቅሎ ሞታለች። ሰሜን ተራራ፣ ጨነቅ ላይ ሸክሟን አራግፌላት ጎኗን አሳርፋ ተኛች፤ በማግስቱ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲያ ሌላ በቅሎ አልገዛሁም፤ ጉልበቴም እንቢ ብሏል። የጎንደሩ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ጠዋት ከደባርቅ የተነሳ ሰው ምሳውን ጎንደር ይበላል። ባጃጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይመጣል፤ ቅዳሴ ላይ ስትጮህ ዲያቆኑ ይሳሳታል። ልጃችን ሙሉ ዳባት ላይ ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ ግንባሯ የአንቺ ነው። ደግሞ ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። አዎ፣ በእኛ አገር! ገብስና በግ ብቻ የሚያውቀው ሜዳ ፎቅ በቅሎበታል።

ከዩኒቨርሲቲው ቤዛ የምትባል አንዲት መምህርት የግቢያችንን ቆርቆሮ ቤት ተከራይታለች። አገሯ ከሐዋሳ ወዲያ ነው። ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት ሳቄ ይመጣል። «አባባ» ትለኛለች። መጀመሪያ አልወደድኋትም፤ ምክንያቱም ያመጣችው ሥራ ፊልም ማሳየት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቿን አዳራሽ ሰብስባ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥራ ፊልም ታሳያቸዋለች። አሳይታም ዝም ብላ አትለቃቸውም። መብራቱን አብርታ «ምን አያችሁ? የተበደለው ማን ነው? ዝም ያለውስ? እኛስ ጋ እንዲህ ያለ የለም ወይ?» እያለች ታከራክራቸዋለች። «ማስተማር ሲያቅትሽ ሲኒማ ከፈትሽብን?» ብያት አውቃለሁ። እሷ ግን ስቃ አለፈችኝ።

አንድ ቅዳሜ መጥታ «ጋቢዎን ያውሱኝ» አለች። የአዳራሹ መስኮት መጋረጃ የለውም፤ ፀሐይ ሲገባ ፊልሙ አይታይም። «ጋቢዬ ያለ እኔ የትም ሄዶ አያውቅም» ብዬ ተከተልሁት። እንዲህ ነው የገባሁበት። ጋቢዬን መስኮት ላይ ሰቅለው እኔን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የዚያን ቀን ያሳዩት የሌላ አገር ሰዎችን ነበር፤ ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድሞች ከመሬቷ ሲያባርሯት። መብራቱ ሲበራ ልጆቹ ይህን ያን ይላሉ። አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። «እኔ እሸቴ ጓንጉል በሽምግልና ስንት ባልቴት ከመሬቷ መልሻለሁ! እናንተ ወረቀት ስትቆጥሩ እኔ ድንበር ቆጥሬያለሁ!» አልሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው ማንጤ። ጠላ እንኳ እንዲህ ቶሎ ራስ ላይ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የምዘጋጅ እኔ ሆንሁ። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ «አባባ ዛሬ ምን ይሉናል?» ይሉኛል። እኔም የጨዋ ልጅ ነኝና አላሳፈርኋቸውም።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ነው የተዋረድሁት። ማንም አላወቀብኝም፤ ግን ተዋረድሁ።

የዚያን ቀን ያሳዩት ልጆቹ ራሳቸው እዚሁ ደባርቅ ያነሡትን ነበር። ስለ እጅ ሠሪዎች ነው፤ ስለ ቀጥቃጩ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሰው ዕቃቸውን ገዝቶ እነሱን ለምን እንደሚሸሽ። ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። አንሶላው ላይ ሁለት እጆች ታዩ፤ ጭቃ ሲያድበለብሉ። ቀጥሎ ፊቷ መጣ። አርጅታለች። ጥርሷም ረግፏል። ግን አወቅኋት። ትርንጎ ናት።

«አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ» ስትል መብራት ሄደ።

ሰው በጨለማ ተንጫጫ፤ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ጠበቅን። ያን ጊዜ ወጥቼ መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ለምን አልሄድህም ብትይኝ፣ አልፈራሁም ነበር። ልቤ ምን ይል እንደነበር ልንገርሽ፤ «በል እንግዲህ፣ ሥራዋን በገዛ አፏ ልትናገር ነው፤ እነዚህ የከተማ ልጆች ቡዳ የለም ሲሉ ኖረው ዛሬ ጉድ ይሰማሉ» ይል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የያዝሁት እውነት ሊመሰከርልኝ ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥሁ።

መሪጌታ አሁን ቀና ብለው አዩኝ። ይጻፉ እንጂ መሪጌታ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ግን ሌላም ሰው ስለሚሰማው ከሥሩ ልናገር። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። እኔ የፈረንጆች ጓዝ ጭኜ ጨነቅ ወጥቼ ነበር፤ ስድስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ገና መንገድ ላይ ጎረቤት ተቀበለኝ። «ልጅህ ታማለች። ያቺ ሸክላ ሠሪ አዝላት ስትሄድ በዓይናችን አይተናል» አለኝ። ቤት ስደርስ ሙሉ በትኩሳት ትነዳለች፤ የአራት ዓመት ልጅ፣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ። አንቺ እግርሽን ወለም ብሎሽ ታነክሻለሽ። «ምን ልታደርጋት ነው ያዘለቻት?» አልሁሽ። «መንገድ አግኝታኝ ነው» ብለሽ ዝም አልሽ። ዝም ማለትሽን ለእኔው አድርጌ ተረጎምሁት።

ደብተራ ጥበቡን አስጠራሁ። ያኔ መሪጌታ አልሆኑም። ቅጠሉንና ሥሩን አጨሱባት። ልጅቱ በጭሱ ውስጥ እየሳለች «ትርንጎ! ትርንጎ እዘይኝ!» ብላ ጮኸች። በቃ። እኛ ቡዳው ራሱ ለፈለፈ አልን። ከዚያ ወጉ የታወቀ ነው፤ የበላው ሰው መጥቶ ካልተፋበት የተበላው አይድንም። ሄጄ ትርንጎን ከሸክላዋ ላይ ጎትቼ አመጣኋት። የቀሚሷን ጫፍ በጩቤ ቀድጄ እሳት ላይ ጣልሁ። «ትፊባት!» አልኋት። እሷ እኔን አላየችም። አንቺን አየች። ረጅም ጊዜ አየችሽ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችባት።

ሙሉ በሦስተኛው ቀን እህል ጠየቀች። እኔ ደስታዬን በጥይት ገለጽሁ። ሰፈሩን ሰብስቤ «ይህች ሴት ከምንጫችን አትቅዳ፣ ከአፈራችን አትቆፍር» ብዬ አስፈረድሁ። አሥራ አምስት ቀን አልሞላም፤ ሸክላዋን ተሸክማ ወደ ደባርቅ ዳር ሄደች። እኔም ልጁን ከቡዳ አፍ የመለሰ ሰው ተብዬ በዚህም ተከበርሁ።

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይህ ለሕዝብ የሚነበብ ከሆነ የእኔ ስም ባይገባ» አሉ። «ከቅጠሉ ጋር ጸሎትም ደግሜያለሁ፣ ጸሎቱ ነው ያዳናት ሊሆን ይችላል» አሉ። ይሆን ይሆናል፤ እኔ የእግዚአብሔርን ሥራ አልከፋፍልም። ግን አልኋቸው፤ «መሪጌታ፣ የእኔ ስም ይገባል አይደል? ብቻዬን ልቁም? እርስዎም ካልፈለጉ ብዕሩን ይተዉት፤ ሌላ ጸሐፊ አላጣም።» መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ አነሡት። ሳይወዱ ነው የሚጽፉት፤ ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ቢያምር ባያምር በእሳቸው አይፈረድ።

መብራቱ ሲመለስ ትርንጎ ቀጠለች። ቃሏን አንድም አልረሳሁም።

«አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ከእኔ ቅል የምትጠጣ እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ መንገድ ሄዶ ሳለ ልጇ ታመመችባት። እግሯ ተጎድቶ መሸከም አልቻለችም። እኔ ወደ ገበያ ስወርድ አገኘኋት፤ ሸክላዬን እሷ ግቢ አራግፌ ልጅቱን አዘልኋት። ደባርቅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የሳንባ ነው ብሎ ድሬሰሩ መርፌ ወጋት፤ በጠርሙስ የሚጠጣም ሰጠን። ሦስት ቀን ተመላለስን። ልጅቱ ጀርባዬን ለመደችው። ባልየው ሲመለስ በልተሻታል ብሎ ወሰደኝ።»

የምትቀርጻት ልጅ «ለምን እውነቱን አልተናገሩም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጓደኛዬ በዓይኗ ለመነችኛ! ያ ሰው መርፌ ሲባል ያብዳል። ብናገር እሷን ከነልጅዋ ይጥላታል፣ ልጅቱም መድኃኒቷ ይቋረጣል። ስለዚህ ተፋሁ። ቡዳ ነሽ አሉኝ፤ ይበሉኝ። ልጅቱ ድናለች።»

«ሰውየው ማን ነው?» አለቻት።

ትርንጎ ሳቀች። «ስሙ ምን ያደርግልሻል? አሁን ሽማግሌ ነው። ይኑርበት።»

ማንጤ፣ በዚያ ወንበር ላይ ምን እንደሆንሁ አልነግርሽም፤ ቃሉም የለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ሰው ሲናገር እሰማ ነበር። የዚያን ቀን ምድሪቱ አልተከፈተችም። የተከፈተው መብራቱ ነው፤ ቤዛም ወደ ፊት ወጥታ «እሺ፣ ምን አያችሁ?» አለች።

አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ሰውየው መከሰስ አለበት!» አለ። ሌላው «ባህሉ ነው የሚከሰሰው» አለ። ተንጫጩ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሣችና «እኔን የገረመችኝ ሚስቲቱ ናት» አለች። «ሴትዮዋ ልጇን አዝላላት፣ በፊቷ ቀሚሷ እየተቀደደ፣ እንዴት ዝም ትላለች?» አለች። ቤዛ ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

አሁን የማፍርበት ላይ ደረስሁ። መሪጌታ፣ ይህን አንድ ፊደል ሳይጎድል ይጻፉ።

ተነሣሁ። ጋቢዬ መስኮት ላይ ስለነበር ብርድ ብርድ አለኝ። «ሰውየው አላወቀም» አልሁ። «ያላወቀ ሰው ምን ይፈረድበታል? ለልጁ ነው የሮጠ። ያወቀችው ሚስቱ ናት። እያወቀች ዝም ያለች ሴት፣ በደሉ የእሷ ነው!»

አጨበጨቡልኝ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ብዙዎቹ። ያቺ የጠየቀችው ልጅም አጨበጨበች። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ፣ አመስግኜ ተቀመጥሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ይህ ግን ወለምታ አልነበረም። አውቄ፣ መርጬ፣ ድምፄን አስተካክዬ የተናገርሁት ነው። ከራሴ ላይ አውርጄ በአንቺ ላይ ጫንሁት። አንቺ አፈር ውስጥ ነሽ፤ አትመልሺልኝም ብዬ ነው። በቅሎ እንኳ ስጭን ሚዛን እጠብቅ የነበርሁ ሰው!

ትርንጎ አዳራሹ ውስጥ እንዳለች አላወቅሁም ነበር። ተጋብዛ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ሰው ሲወጣ ፊት ለፊት ተገናኘን። እንድታልፈኝ መንገድ ለቅቄ ቆምሁ። እሷም ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣችኝ።

«እንዴት ዋሉ አያ እሸቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

«እኔን ያሻዎትን ይበሉኝ፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ማንም አልሰማንም። «ማንጤን ግን ባያነሧት ምን ነበረበት?»

ይህን ብላ ሄደች። ቃሏን እንደ ቢላ ልትወጋኝበት ብትፈልግ ኖሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜን ትጠራው ነበር። አልጠራችውም። በፊልሙም አልጠራችውም። ያን ያህል ዓመት ቡዳ እያልሁ የኖርኋት ሴት ከእኔ ይልቅ ጨዋ ሆና ተገኘች።

ጋቢዬን ሳልወስድ ነው የወጣሁት። ቤዛ ማታ አጣጥፋ አምጥታ «አባባ አሞዎት ነው?» አለችኝ። «ብርድ ነው» አልኋት። ሌላ ውሸት።

በማግስቱ ዳባት ወርጄ ለሙሉ ልንገራት ብዬ ተነሣሁ። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምጀምር ሳሰላ ሄድሁ። ልጇን እያጠባች አገኘኋት። ገና «ያን ጊዜ ታመሽ ሳለ» ስል «ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ ነው?» አለችኝ። «እናቴ ነግራኛለች፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ» አለች። ዳባት ገበያም ሲገናኙ ትርንጎን «እማ» ነው የምትላት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህሁባት። ሕፃኗ ደነገጠች። ሙሉ ጡቷን እያስተካከለች፣ ሳትቆጣ፣ «አሁን እንዲህ ስለምትጮህ ነዋ አባዬ» አለችኝ።

ማንጤ፣ በቤቴ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች አውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ኖርሁ።

አሁን ነው ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ የሚገባኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደባርቅ ወርደሽ ሸክላ ይዘሽ ትመለሺ ነበር። አንድ ቅዳሜ እንስራ፣ አንድ ቅዳሜ ጀበና፣ ሌላ ቅዳሜ ድስት። ቤቱ መርገጫ አጣ። «ጀሪካን ባገሩ ሞልቶ እንስራ ምን ያደርግልሻል? ሸክላ ይዞሻል እንዴ?» እያልሁ በሰው ፊት አሾፍብሽ ነበር። ሰውም ይስቅ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር፤ እጅሽ ግን የእንስራውን ሆድ ይዳብስ ነበር፤ አሁን ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜም ከገበያ ስትመለሺ ዓይንሽ ቀልቶ «አቧራ ነው» አልሽኝ። ክረምት ነበር ማንጤ። «በክረምት ምን አቧራ አለ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ያን ሁሉ ሸክላ ምን አደረግሁት? ግማሹን ለዶሮ ውኃ መጠጫ አደረግሁ። ግማሹን ቆርቆሮ ቤቱን ለኪራይ ሳጸዳ ሰባብሬ ከአጥሩ ውጪ ጣልሁት። ይህንንም እወቂው።

እውነቱን ለሚሰማው ሁሉ እንዲህ ብዬ አስመዘግባለሁ። ማንጠግቦሽ ዝም ያለችው ልቧ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔን ፈርታ ነው። የፈራችኝም በከንቱ አይደለም። በኩር ልጃችን ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግቶ በሦስተኛው ቀን ነበር የሞተው። መርፌው ገደለው ብዬ ማልሁ። ዛሬ ሳስበው ዘግይተን ነው የወሰድነው፤ ያዘገየሁትም እኔ ነኝ፤ አጨዳ ይለቅ ብዬ። ያን ግን ለራሴ አልነገርሁም። አንቺ ግን «ቶሎ ወስደነው ቢሆን» ያልሽ ጊዜ ልጓሙን አንሥቼ መታሁሽ። አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልደገምሁም። መድገም ለምን ያስፈልገኛል? አንዱ ቀን እስክታርፊ ድረስ በቃሽ። «ከእንግዲህ ልጄን መርፌ የነካት ቀን ከደጄ ውጪ» አልሁሽ። ይህን ያለ ሰው «አላወቅሁም» ብሎ አዳራሽ ውስጥ ይቆማል? አለማወቄን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንደ አጥር፣ በገዛ እጄ፣ እሾህ እየቆረጥሁ።

አንቺ በዚያ አጥር ሾልከሽ ልጄን አዳንሽልኝ። እያነከስሽ። ለማመስገን እንኳ አልፈቀድሁልሽም።

መሪጌታ ይህን ሲጽፉ አለቀሱ። ወረቀቱን እንዳያበላሹት ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ላደርግ ያሰብሁትን ልንገርሽ። ቤዛ የሚመጣው ቅዳሜ ያንኑ ፊልም ደግማ ታሳያለች፤ ባለፈው መብራት ስለሄደ ብዙ ልጆች ጥለው ወጥተው ነበርና። ትርንጎም ትመጣለች። ይህ ደብዳቤ እዚያ ይነበባል። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ቤዛ ታንብበው። ገና አልሰማችውም፤ እዚያው በሰው ፊት ስታነበው ትሰማዋለች። ጸሐፊ ያላደረግኋትም ለዚህ ነው፤ እዚህ ቤት ብታለቅስልኝ ሐዘኗን ተቀብዬ፣ ንስሐ የገባሁ መስሎኝ፣ ቅዳሜ ልቀር እችላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ጋቢዬ መስኮቱ ላይ ይሰቀል። እኔ ከፊት ወንበር አልቀመጥም፤ እቆማለሁ። ስሜ ሲነበብ «እኔ ነኝ» እላለሁ። ያጨበጨቡልኝ ልጆች ያጨበጨቡት ለፈሪ ሰው እንደነበረ ይወቁት። ያቺ «ሚስቲቱ እንዴት ዝም ትላለች?» ያለችው ልጅም መልሷን ታግኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነበር፤ ያጠፋሁት መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ትርንጎ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ ስላት «እሺ» ካለች እሰየሁ፤ ፊቷን ብታዞርም መብቷ ነው፤ ለሽማግሌ ክብር ብላ እንድትምረኝ አልፈልግም። ይኑርበት ብላለች፤ እኖርበታለሁ።

መሪጌታ «ስምዎ፣ አያ እሸቴ፣ ስምዎ ምን ይሆናል? ማን ለሽምግልና ይጠራዎታል?» ይላሉ። አይጠሩኝ። ይህን ያህል ሰው ያስታረቅሁ መሆኔ ላይ ላዩን ነበር፤ ሁለት ሴቶችን በዝምታ አስሬ የምዞር ሰው ነበርሁ።

አንቺን ግን እስክሞት እንዴት እንደማስብሽ ልንገርሽ። እስካሁን ሳስብሽ የማስበው ሠርጋችንን፣ ሳቅሽን፣ ለመንገድ የቋጠርሽልኝን በሶ ነበር። ከእንግዲህ በዱላ ተደግፈሽ፣ እግርሽን እየጎተትሽ፣ ትርንጎን ተከትለሽ ወደ ደባርቅ ቁልቁለቱን ስትወርጂ አስብሻለሁ። አላየሁሽም ነበር፤ አሁን ግን በየቀኑ አይሻለሁ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ስምሽ ከቅዳሴ እንዳይለይ አደርጋለሁ። ሰው «ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» ሲለኝ «ደግ ነበረች» ብዬ አላልፍም፤ ይህን ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግረዋለሁ። የሙሉ ልጅ ስታድግ ከእኔ አፍ ትሰማዋለች። መንገሩን ለሌላ ሰው አልተውም።

ሌላ የምለው የለኝም፤ ቢኖረኝም አልጨርሰውም።

እንግዲህ መሪጌታ፣ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ። ቀስ ብለው ሳይሆን ጮክ ብለው። ስሜ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎን አያውርዱት። ቆይ፣ አይጀምሩ፤ ተነሡና በሩን ይክፈቱት። ሴቶቹ አሁን ከምንጭ እየተመለሱ ነው፤ ከደባርቁ አዳራሽ በፊት ትርንጎን ያን ምንጭ የከለከልሁበት ሰፈር ይስማኝ።